የጌሻ ቡና፦ ከማጂ ጫካ እስከ ፓናማ፣ እኛስ እዚህ ልንተክለው እንችላለን?

እዚህ ካኩማ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም፦ «የኛን ጌሻ ፓናማዎች ወስደው ሀብታም ሆኑበት» የሚል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ዋጋውን ያሳያል። ሌላው «አንድ ኪሎ ቡና በሠላሳ ሺህ ዶላር? ውሸት ነው!» ብሎ ይስቃል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪዎቼ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ቲቸር፣ ከሱቅ የገዛነውን ጥሬ ቡና ብንተክለው ይበቅላል?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። ግን የጌሻን ታሪክ ከመነሻው ያወቀ ሰው ለሁለቱም መልስ ያገኛል። ስለዚህ ዛሬ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። ከአንድ የሕግ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጌሻ ማለት ምን ማለት ነው?

ጌሻ የቦታ ስም ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በከፋና በማጂ በኩል፣ በዚህ ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ቦታዎች አሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደል ተጨመረበትና «ጌይሻ» ከሚለው የጃፓን ቃል ጋር ተመሳሰለ። ብዙ የውጭ ሰው ቡናው ከጃፓን የመጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከጃፓን ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ቡና ብዙ ዓይነት ነው። እኛ የምናፈላው ዐረቢካ የሚባለውን ነው። ዐረቢካ ስሙ የዐረብ ይሁን እንጂ ዋናው የተፈጥሮ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን ደግሞ ጥቂት ዘር ወጥቶ በዓለም ተበተነ። ስለዚህ በላቲን አሜሪካ ለብዙ ዘመን ሲተከል የኖረው ቡና አብዛኛው የጥቂት ዛፎች ልጅ ነው፤ እርስ በርሱ በጣም ይቀራረባል። በኛ ጫካ ያለው ግን ጣዕሙም፣ የቅጠሉ ቀለምም፣ በሽታን የመቋቋም አቅሙም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ጌሻ ከዚህ ልዩ ልዩ ዝርያ ከሞላበት ጫካ የወጣ አንዱ ነው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የዐረቢካ አበባ በአብዛኛው የሚዳቀለው በራሱ ብናኝ ነው። ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ግን ከሌላ ዛፍ የመጣ ብናኝ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የዐረቢካ ዘር ቢተከል ልጁ እናቱን ይመስላል። ጌሻ ከሀገር ወደ ሀገር በዘር እየተወሰደ ጠባዩን ሳይለቅ የቆየው በዚህ ነው።

መንገዱ በኪታሌ አለፈ

ጊዜው 1930ዎቹ፣ ጣልያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ዘመን አካባቢ ነው። ማጂ ውስጥ ካፒቴን ሪቻርድ ዋሊ የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩ የእንግሊዝ የእርሻ ሰዎች ለቅኝ ግዛቶቻቸው የሚሆን አዲስ የቡና ዘር ይፈልጉ ስለነበር ከጌሻ ጫካ ዘር ተለቅሞ ተላከ።

መጀመሪያ የተላከው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኬንያ፣ ኪታሌ። ኪታሌን የማያውቅ የካኩማ ሰው የለም፤ በሎድዋር አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ በእሷ በኩል ነው። ከዚያ ዘሩ ወደ ታንጋኒካ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ አለፈ፤ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለው በሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ተተከለ። በ1953 ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮስታ ሪካ፣ ቱሪያልባ የሚባል ቦታ የዘር ማቆያ ደረሰ። እዚያ ስሙ በቁጥር ተመዘገበ፦ ቲ 2722።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ጌሻ የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም። ፈላጊዎቹ ያሳሰባቸው የቡና በሽታ ነበር፤ በተለይ የቅጠል ዋግ። ዋግ ቅጠሉን ከሥሩ በኩል ብርቱካናማ ዱቄት እየነሰነሰ የሚያራግፍ ፈንገስ ነው። ጌሻ ደግሞ ይህን በሽታ በተወሰነ ደረጃ የሚችል ሆኖ ተገኘ። አፍልቶ «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ያለ ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

አርባ ዓመት ሰው ያላየው ዛፍ

በ1960ዎቹ ፍራንሲስኮ ሴራሲን፣ በቅጽል ስሙ ዶን ፓቺ፣ የጌሻን ዘር ከኮስታ ሪካ ወደ ፓናማ ወስዶ ቦኬቴ በሚባል ተራራማ አካባቢ ተከለው። ለሌሎች ገበሬዎችም ተዳረሰ። ገበሬዎቹ ግን አልወደዱትም።

ምክንያታቸውን ስትሰሙ ትፈርዱላቸዋላችሁ። ዛፉ ይረዝማል፤ ለመልቀም አይመችም። ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል። ምርቱ እነሱ ከለመዱት ዝርያ ያነሰ ነው። በኪሎ ለሚሸጥ ገበሬ ጥቂት የሚያፈራ ዛፍ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ነቀለው፣ አንዳንዱ እንደ ንፋስ መከላከያ ዳር ዳር ላይ ተወው። የተለቀመውም ፍሬ ከሌላው ጋር እየተደባለቀ በተራ ዋጋ ተሸጠ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የፒተርሰን ቤተሰብ፣ የአሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ እርሻ ባለቤቶች፣ ሃራሚዮ የሚባል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ እርሻ ገዙ። እዚያ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙውን ቡና ሲጎዳ፣ ለየት ያሉ አንዳንድ ረጃጅም ዛፎች ግን ተቋቋሙት። እነሱም የጌሻ ዛፎች ነበሩ። ቤተሰቡ ይህን አይቶ ዘራቸውን በሌሎች የእርሻው ክፍሎች፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለው ጭምር፣ አስፋፋ።

ከዚያ ልጃቸው ዳንኤል ፒተርሰን አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ። የእርሻውን ቡና እንደ ወትሮው ሳይደባልቅ፣ ከየቦታው የተለቀመውን ለየብቻ አስቆልቶ ቀመሰ። ከጌሻዎቹ ዛፎች የመጣው ከሌላው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ እንደ ጃስሚን አበባ ይሸታል፣ የሎሚና የኮክ ለዛ አለው፣ ሲጠጣ ወደ ሻይ ይጠጋል። በ2004 «ቤስት ኦፍ ፓናማ» በሚባለው ውድድር አቀረቡትና አሸነፈ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በ21 ዶላር ተሸጠ። በዚያ ጊዜ ተራው ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ አንድ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዋጋው በጣም ጨመረ። በ2019 ከፓናማ የወጣ ጌሻ በፓውንድ 1,029 ዶላር ተሸጠ። በ2025 ደግሞ የላ ኤስሜራልዳ ጌሻ በኪሎ 30,204 ዶላር ወጣለት፤ ገዢው በዱባይ ያለ የቡና ድርጅት ነው። ስለዚህ በስልክ የሚታየው ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የተሸጠው 20 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ የጨረታ ዋጋ ነው እንጂ ጌሻ የተከለ ገበሬ ሁሉ የሚያገኘው አይደለም። በማላዊ ተራሮች ገበሬዎች ጌሻ የሚባል ቡና ለብዙ ዓመታት ሲያለሙ ኖረዋል፤ የፓናማን ዋጋ ግን አላዩም። አንደኛ፣ በዚህ ስም የሚጠሩት ዛፎች ሁሉ አንድ ዝርያ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ለይቶ መልቀምና ለይቶ መሸጥ ገንዘብና ገዢ ይፈልጋል።

ከፍታ ምን ይሠራል?

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆሙኛል። «ዘሩ አንድ ከሆነ ለምን ሃራሚዮ ላይ ጣፈጠ?»

ዐረቢካ በጣም ሞቃትም በጣም ብርዳማም ያልሆነ አየር ይወዳል፤ በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ። በኛ አካባቢ፣ ማለትም ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነው ክፍል፣ ይህ አየር የሚገኘው ከፍ ያለ መሬት ላይ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሬው ቶሎ አይበስልም። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ከፍታው ሲጨምር ይዘገያል። በቀስታ የበሰለ ፍሬ ውስጡ ጠንካራና የታመቀ ይሆናል፣ ስኳሩና መዓዛው ይጠራቀማል። በሞቃት ቆላ ግን ፍሬው ተቻኩሎ ይቀላል፤ መልኩ ቡና ነው፣ ለዛው ግን የለም።

ይህን በአንድ ምሳሌ ልያዘው። ጌሻ የተቀመጠበት የኮስታ ሪካው ቱሪያልባ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከካኩማችን ከፍታ ጋር ይቀራረባል (ዝናቡ ግን በፍጹም አይገናኝም፤ እዚያ ዝናብ ብዙ ነው)። የዘር ማቆያ ሥራው ዘሩ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ያንንም በደንብ ሠራ። ያው ዘር ከ1,600 ሜትር በላይ ሲወጣ ግን ውስጡ የነበረው ጣዕም ታየ። አዲስ አልተፈጠረም፤ ማጂ ጫካ ውስጥም ነበር። የሚስማማውን ቦታና ለይቶ የሚቀምስ ሰው እስኪያገኝ ግን ማንም አላወቀውም።

ተሰርቀናል?

ይህን ጥያቄ በስሜት ብቻ መመለስ ቀላል ነው። እኔ በሁለት ከፍዬ ባየው ይሻላል እላለሁ።

አንደኛ፣ ዘሩ በወጣበት ጊዜ ይህን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። የፓናማ ገበሬዎችም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አልወሰዱም፤ ከሕዝብ የዘር ማቆያ የተሰጣቸውን ተከሉ፤ አርባ ዓመትም ምንም አላገኙበትም። በኋላ ያገኙት በዘሩ ብቻ ሳይሆን በሥራም ነው፦ ቀዩን ብቻ እየለዩ በመልቀም፣ በጥንቃቄ በማድረቅ፣ በመቅመስ፣ ስም በማውጣት።

ሁለተኛ፣ ይህ እውነት ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ጨረታ ጫካውን ጠብቆ ላቆየው የማጂና የከፋ ሰው የደረሰ ድርሻ የለም። የሰፈሩ ስም በዓለም ይጠራል፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ቦታ ነው። ይህን ቅሬታ ያነሳች ሀገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ ድሃ አገሮች በየጊዜው ሲጮኹ ቆይተው ነው በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር በዘር ሀብቱ ላይ ባለመብት ነው ይላል። ኢትዮጵያም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አወጣች (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው)። ዛሬ የቡና ዘር ለምርምርም ሆነ ለመትከል ከሀገር ለማውጣት ፈቃድና የጥቅም መጋራት ውል ያስፈልጋል። ከስምምነቱ በፊት የወጣውን ዘር ግን ይህ ሕግ መልሶ አያመጣውም።

በስም በኩልም ሙከራ ነበር። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀች። ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሣ፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ጌሻ ግን በዚያ ጊዜ በውጭ የዝርያ ስም ሆኖ ስለተለመደ ነገሩ ከባድ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ልጨምር። ራሔል ሳሙኤል የምትባል ኢትዮጵያዊትና ባለቤቷ አዳም ኦቨርተን ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም ሲሠሩ ቆይተው፣ በጎሪ ጌሻ ጫካ አቅራቢያ እርሻ ጀመሩ። በ2011 የተመሠረተው ይህ እርሻ «ጌሻ ቪሌጅ» ይባላል፤ ዘሩን የሰበሰቡት ከዚያው ጫካ ነው። ቡናቸው አሁን በራሱ ጨረታ ለውጭ ገዢ ይቀርባል። ስለዚህ ጌሻ ከተነሣበት አካባቢም በጥሩ ዋጋ ሊሸጥ እንደሚችል ታይቷል።

አሳሳቢው ግን ጫካው ነው። በ2019 የወጣ የእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ተቋም ጥናት በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ዓይነቶች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ አለባቸው ብሏል፤ የዱር ዐረቢካም ከነሱ አንዱ ነው። ገና ማንም ለይቶ ያልቀመሰው ሌላ ጌሻ ጫካው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጫካው ከተመነጠረ ግን እሱን የሚተካ የትም አይገኝም።

እኛስ ልንተክል እንችላለን?

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ።

ከሱቅ የተገዛ ጥሬ ቡና፦ አብዛኛው አይበቅልም። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ለዓመታት አይቀመጥም። አዲስ የተለቀመ ዘር፣ ከላዩ ያለው ቀጭን ገለባ ሳይወልቅ በጥላ የደረቀ፣ ጥቂት ወራት ብቻ ይቆያል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ብዙው ሞቷል። ሱቅ ያለው ደግሞ በጣም ደርቋል፣ ገለባውም ተፈልፍሏል፣ መጋዘን ውስጥም ከርሟል። መምህራን ካላችሁ ይህ ለክፍል ጥሩ ሙከራ ነው፦ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሁለት ወር ጠብቁና ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ። ከዚያ ጎን አሥር ባቄላ አድርጉ፤ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።

ካኩማና ዳዳብ ላላችሁ፦ ቡና በዚህ አየር ለገበያ የሚሆን ፍሬ አይሰጥም። ቆላ ነው፣ ዝናቡ ጥቂት ነው፣ ለአንድ የቡና ዛፍ የምናፈሰው ውኃ ለሱኩማ ዊኪና ለቲማቲም ቢሆን ይሻላል። ዘር አለኝ የሚል ነጋዴ «ይህ ጌሻ ነው፣ እዚህም ይበቅላል» ካላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ኡጋንዳ ያላችሁ ግን ነገራችሁ ይለያል። በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ናኪቫሌንና ኪያንግዋሊን ጨምሮ፣ ቡና የሚበቅልበት መሬት አለ። በዚያ ከፍታ የሚስማማው በአብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ ዐረቢካ የሚፈልገው እንደ ኤልጎንና ርዌንዞሪ ያለ ተራራ ነው። ጌሻን ብቻ ከማለም ለመሬታችሁ የተስማማውን መጠየቅ ይሻላል። ከመትከላችሁ በፊት እነዚህን አስቡ፦

1. ጊዜው። ዘር ከአፈር እስኪወጣ አንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር። ችግኝ ጥላ ሥር በመደብ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት። ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት። በአራት ዓመት ውስጥ የት እንደምትሆኑ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ይህን በደንብ ማሰብ አለበት።

2. መሬቱ። በኡጋንዳ ስደተኛ የሚሰጠው መሬት ለመጠቀም ነው፤ ሊሸጠው ወይም ሊያከራየው አይችልም። ቡና ደግሞ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ዛፍ ነው። ስለዚህ የካምፑን ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ካምፕ ብትቀየሩ ዛፉ የማን ይሆናል የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ።

3. ዘሩ። ከሀገር በኪስ ወይም በመንገደኛ ዘር አታስመጡ። ሕግ መጣስ ብቻ አይደለም፤ በሽታም ድንበር ተሻግሮ ይገባል። የቡና ፍሬን የሚያጠቁረው በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1922 ኬንያ ውስጥ ነበር፤ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ ብዙ ገበሬ አከሰረ። ችግኝ ከአካባቢው የግብርና ባለሙያ ወይም ከታወቀ የችግኝ ጣቢያ ውሰዱ።

4. የመጠበቂያው ምግብ። ቡናው እስኪደርስ መካከሉ ላይ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ዝሩ፤ ሙዝ ደግሞ ጥላም ምግብም ይሆናል። ቡና ብቻ ተክሎ ሦስት ዓመት መጠበቅ ራሽን በሚቀነስበት ጊዜ አይቻልም።

5. ለቀማው። የትኛውም ዝርያ ይሁን፣ ቀዩን ብቻ ለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ ዋጋ ይጨምራል። አረንጓዴውንና ቀዩን አንድ ላይ ገፎ መሬት ላይ ያሰጣ ሰው ጌሻ ቢኖረውም እንደ ተራ ቡና ነው የሚሸጠው።

ጌሻን በተመለከተ አንድ ነገር ያዙልኝ። ከማጂ የወጣው ዘር ኪታሌ፣ ሊያሙንጉ፣ ቱሪያልባና ቦኬቴ ሲዞር እዚህ ግባ የሚለው አልነበረም። በየደረሰበት ግን ስሙንና የመጣበትን ቦታ የመዘገበ ሰው ስለነበር ዛሬ የኢትዮጵያ መሆኑን ማንም መካድ አይችልም። ቡና ስታፈሉ ልጆቻችሁ ስለ ጌሻ ከጠየቁ ዋጋውን ብቻ አትንገሯቸው። የጫካውን ስምና ያለበትን አገር ጨምራችሁ ንገሯቸው።